ገንዘቡ ቀድሞ፣ መብቱ ኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ውሉ ላይ «ገዢ» ተብሎ ይጻፍለታል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2876፣ ያልተሠራን ቤት ወይም አፓርታማ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ስምምነት የሽያጭ ውል ሳይሆን የሥራ ውል ነው ይላል። ሚሊዮን ብሮች የከፈለው ሰው በሕግ ፊት ሥራ ያዘዘ ደንበኛ ነው።

ሁሉ ነገር በሰላም ሲሄድ ይህ ማንንም አያሳስብም። ጉዳቱ የሚታየው ቤቱን የሚሠራው አልሚ ሲቸገር ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው፤ ፎቁ ሳያልቅ ደግሞ በከፋዩ ስም የሚወጣ ካርታ የለም። አልሚው ግን በዚያው ጊዜ የሊዝ መሬቱንና የተጀመረውን ሕንፃ አስይዞ ከባንክ መበደር ይችላል። ባንኩ መያዣውን ያስመዘግባል። ዕዳው ካልተከፈለም በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ንብረቱን በሐራጅ ይሸጣል። ሕንፃውን በቅድሚያ ክፍያቸው ያቆሙት ሰዎች ከባንኩ ኋላ ተሰልፈው የተረፈ ካለ ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ፍትሕ ብዬ መቀበል አልችልም። ባንኩ ከማበደሩ በፊት ሰነድ መርማሪ ባለሙያዎች አሉት፤ ነርሷና መምህሩ ያላቸው የሽያጭ ሠራተኛው ቃል ነው። የአክሰስ ሪል እስቴት ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ገዢዎች ከፍለው ቤት ሳይረከቡ ስንት ዓመት ደጅ እንደጠኑ አገር ያውቃል።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ዋሽንግተን ሆኖ ለእኅቱ ወይም ለአጎቱ ልጅ ውክልና ይልካል። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ እንደማያበቃ፣ ለዚህ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ የሚረዳው ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

በውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአሳንሰሩም የመስታወቱም ዋጋ አብሮ መናሩ እውነት ነው፤ አልሚው ይህን ሁሉ ብቻውን ይሸከም አልልም። ነገር ግን ጭማሪው በምን ስሌት፣ እስከ ምን ጣሪያ እንደሚደርስ በማይናገር ውል ላይ የፈረመ ሰው ሲጠየቅ ከመክፈል ሌላ አማራጭ የለውም።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሪል እስቴት አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ገንዘቡን መጠበቅና መብቱን መመዝገብ ለየቅል ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዱባይ ሁለቱንም አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ የገዢዎችን ክፍያ ለግንባታው ብቻ በሚውል ሒሳብ አሰረች፤ በዓመቱ ደግሞ ያልተሠሩ ቤቶች ሽያጭ የሚመዘገብበት ጊዜያዊ መዝገብ ከፈተች። እዚያ ያልተመዘገበ ሽያጭ ዋጋ የለውም።

እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። ውሉ በተፈረመ ጊዜ በይዞታው ማኅደር ላይ ማስታወሻ ይግባ፤ «ዕዳና እገዳ አለበት ወይ» ብሎ የሚጠይቅ ባንክ የከፋዮቹን ስም እዚያው ያግኝ። ቦታው አስቀድሞ ተይዞ ከሆነም ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይነገረው፤ የየቤቱ ድርሻ ሲከፈል ያ ቤት ከመያዣው ነፃ እንደሚወጣ ባንኩ በጽሑፍ ያረጋግጥለት።

በዚያው በ2017 ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ይዞ ለሚመጣ የውጭ ዜጋ ቤት የመግዛት በር ተከፍቷል። ይምጣ፤ ጠበቃውንም ይዞ ይመጣል። ጠበቃው በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ያንኑ መዝገብ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ይህን መዝገብ ዓመታት ጠብቆታል፣ ቀድሞ ሊከፈትለትም ይገባል።