ሆዳም ከማለታችን በፊት

ይቺን የምጽፈው በራሴ አፍሬ ነው።

አንድ ባልደረባችን አምና ቆርጦ ተነስቶ ክብደት ቀነሰ። ስኳር ተወ፣ ጮማ ተወ፣ ማታ ማታ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሁላችንም «ጎበዝ!» አልነው። ዘንድሮ ኪሎው ተመለሰ። በቃ፣ ስታፍ ውስጥ የሻይ ሰዓት መሳቂያ ሆነ። «ሆድህ አሸነፈህ አይደል?» እንለዋለን። እኔም ብያለሁ። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሳይስቅ «በልቼ ስነሳ እንኳን ይርበኛል፣ ምን ላድርግ?» አለ። ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም፤ ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ ረሃብ ከደም ናሙና ላይ የሚነበብ ነገርም አለው! ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከምግብ በፊት ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ስንበላ ይወርዳል። የምንበላበት ሰዓት ሲደርስም ይነሳል፤ ባንበላም ቆይቶ ጋብ ይላል። የምንጾም ሰዎች እኮ ይሄን እናውቀዋለን፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሞረሞረን ሆድ ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። በተቃራኒው አንጀት ደግሞ «ጠግበሃል፣ በቃህ» የሚሉ እንደ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ ያሉ ሆርሞኖችን ይልካል።

አሁን ዋናው ነገር። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ 50 ወፍራም ሰዎችን ይዞ የተጀመረ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ምግብ እየበሉ በአማካይ ከ13 ኪሎ በላይ ቀነሱ። ደማቸው ሲለካ የሚያስርበው ሆርሞን ጨምሯል፣ የሚያጠግቡት ቀንሰዋል። ይሄ እንኳን ይጠበቃል። ከዓመት በኋላ ሲለካስ? አሁንም ወደ ቦታው አልተመለሰም! ሰዎቹም ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ይርበን ነበር ብለዋል።

እንግዲህ ባልደረባዬ ዓመቱን ሙሉ ሲታገል የነበረው ከገዛ ደሙ ጋር ነው። እኛ ደግሞ ሻይ እየጠጣን እንፈርድበታለን።

«ታዲያ ጥረት ዋጋ የለውም ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። አመጋገብም እንቅስቃሴም ይጠቅማል። ግን ለሁላችንም እኩል አይከብድም። የሰውን ጸባይ በኪሎው መመዘን ይቅርብን ነው የምለው።

ሌላም ላክል። ይሄን አንብባችሁ «የረሃብ ሆርሞኔን ለኩልኝ» ብላችሁ ላብራቶሪ እንዳትሮጡ። ቁጥሩ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ በሁለት ደቂቃ አካባቢ ግማሹ ይፈርሳል፤ ናሙናው ወዲያው በረዶ ላይ ካልተቀመጠና መፍረሱን የሚያቆም ነገር ካልተጨመረበት ውጤቱ አይታመንም። ለምርምር ይጠቅማል እንጂ አንድ ውጤት ስለ አንድ ሰው ብዙ አይነግርም። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ኦዜምፒክም ይሄንኑ ሆርሞን አስመስሎ፣ ቶሎ እንዳይፈርስ ተደርጎ የተሠራ መድኃኒት ነው። ሐኪም ሳያዝላችሁ ከሰው እጅ ገዝታችሁ እንዳትወጉ፣ አደራ!

ሰኞ ስታፍ ስገባ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሻይ ሰዓት በፊት፣ ለብቻው።

እናንተስ? በሰው ሆድ ያልቀለደ አለ?