ጩኸት ጉልበት አይደለም

በደሴና በኮምቦልቻ አንዳንድ ወጣቶች መኪናቸውን ለማሳመር ሲነሡ አስቀድመው የሚነኩት የጭስ ማውጫውን ነው። ማርሚታው ይቆረጣል፤ በምትኩ ሰፊና የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ይበየዳል፤ መኪናው ሲያጓራ ባለቤቱ ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ጩኸትና ጉልበት ለየቅል ናቸው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል፤ ይህንን ጉድለት ቧንቧ አይሞላውም። ጥቂት እንዲረዳ ከተፈለገም ምርጫው እንደ መንገዱ ይሁን። የሐረጎን ዳገት ለሚወጣ መኪና ከየሲሊንደሩ የሚነሣው ቧንቧ ቀጠንና ረዘም ቢል ይሻላል፤ ሰፊው የሚጠቅመው ሞተሩ እጅግ ፈጥኖ ለሚዞር የእሽቅድምድም መኪና ነው።

ስለ ቅቡም እንዲሁ ነው። በዳገት ላይ የቤንዚን ሞተር ጭስ 800 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ተራ ቀለም ተቃጥሎ ይረግፋል። የሴራሚክ ቅብ ግን ሙቀቱን በቧንቧው ውስጥ ያቆያል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። በጨርቅ መጠቅለል ሙቀትን ቢከላከልም፥ እርጥበት አቁሮ ዝገትን ያፋጥናል።

ከሁሉ በላይ ብየዳው ይመርመር። ከተሰነጠቀ መገጣጠሚያ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ብርዱን ሽሽት መስኮት ዘግቶ የሚጓዘውን ሰው ሳያስታውቅ ይገድላል። ለጩኸት ሲባል ይህን አደጋ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ሠራተኛ ደመወዙን ለደኅና በያጅና ለደኅና ቅብ ያውል፤ ማርሚታውንም በቦታው ይተው። ጎረቤትን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚገኝ ክብር የለም።