አምስቱ ሰከንድ የወርዋሪዋ ነው



በወላይታ ሶዶ የምኖር የስፖርት መምህር ነኝ። በከተማችንም ሆነ በቦዲቲና በአረካ የትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲኖር ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እከታተላለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ዳኞቻችንና የውድድር አዘጋጆቻችን በዝምታ ስለሚያልፉት አንድ ጥፋት ነው። ፍሪ ስሮው የሚወረውር ተጫዋች በተጋጣሚው ሆን ተብሎ ሲረበሽ ፊሽካ አይነፋም። ሕጉ ግን እንዲነፋ ያዛል።

ፋውል የተሠራባት ልጅ መስመሩ ላይ ትቆማለች። ዳኛው ኳሱን ከሰጣት ጀምሮ ለመወርወር ያላት ጊዜ 5 ሰከንድ ነው። ቦርዱ ከመስመሩ 4.60 ሜትር ይርቃል፣ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ውርወራው ለተሠራባት ጥፋት ካሳ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ማንም እንዲከላከልባት አይፈቀድም። እኛ ሜዳ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ክንዷን ስታነሳ፣ ሪባውንድ ለመያዝ ከጎን የቆመችው ተጋጣሚ ሲሚንቶውን በእግሯ ትደልቃለች፤ አለዚያም እጇን ጧ አድርጋ ታጨበጭባለች። ተቀያሪ ወንበር ላይ ያሉት ኳሱ ከእጇ ሊወጣ ሲል ጠብቀው በአንድ ድምፅ «አይገባም!» ይላሉ። ቦርዱ ሥር የተኮለኮሉት ሕፃናት ደግሞ ምሰሶውን ይዘው ይነቀንቃሉ።

አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ተደርጎባት ስትስት አይቻለሁ። የደለቀችባትን ልጅ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ያየችው ዳኛውን ነው። ዳኛውም «ልመጂው እንጂ» ብሎ አለፈ። ያቺ ልጅ ከዚያ የተማረችው ሕግ ወረቀት ላይ ብቻ እንደሚኖር ነው። ተጋጣሚዋም ጥፋት ካልተቀጣ ብልጠት እንደሚባል ተማረች። ለጨዋታው ውጤት ከማዘኔ በላይ ያሳዘነኝ ይኸኛው ትምህርት ነው።

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግ አንቀጽ 43 በዚህ ጉዳይ አያሻማም። ሪባውንድ ለመያዝ በግራና በቀኝ የሚሰለፉት ተጫዋቾች ወርዋሪውን በድርጊታቸው መረበሽ ተከልክለዋል። ቅጣቱም ልከኛ ነው። ተጋጣሚ እየረበሸ ኳሱ ከገባ ነጥቡ ይጸናል፣ ረብሻው ይታለፋል። ካልገባ ያው ተጫዋች በምትኩ ሌላ ይወረውራል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠበቅበት ረብሻውን ልብ ብሎ የኳሱን መጨረሻ መጠበቅ ነው። ከሜዳ የሚወጣ ተጫዋች፣ የሚነጠቅ ነጥብም የለም። ጩኸቱ ከተቀያሪ ወንበር ከሆነ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ካልታረሙ ደግሞ ቴክኒካል ፋውል አለ። የፊባ የሕግ ማብራሪያም ኳስ የሚወረውር ተጫዋች አጠገብ መጮህን፣ እግር መደለቅንና ማጨብጨብን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። እኛ ጋ እንደ ቀልድ የሚታዩት እነዚሁ ናቸው።

«ጨዋታ ያለ ጫና ምን ጣዕም አለው? ልጆቹ ይልመዱት» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ጫና ተጫዋችን እንደሚያጠነክር እኔም አምናለሁ። የወላይታ ሰው ደግሞ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የጦና ንቦቹ፣ የእግር ኳስ ክለባችን ወላይታ ዲቻ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም. በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ዛማሌክን የጣሉት እዚያው ካይሮ ላይ ነው። የደርሶ መልሱ ውጤት 3 ለ 3 ሆኖ በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸነፉ። በሰው አገር፣ በሰው ሜዳ የሚመታ ፍጹም ቅጣት ምት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ያን ዕለት አይተናል። ስለዚህ የደጋፊው ዘፈንና ጩኸት ይቅር አልልም። ደጋፊ ይጩህ፣ ይዝፈን፣ የራሱን ቡድን ያበረታታ። ሕግ የሚያስረው ሜዳ ውስጥ ያለው ተጫዋችና ተቀያሪ ወንበሩ ራሳቸው አጥፊ ሲሆኑ ነው።

እግር ኳሱም ይህን ልዩነት አስምሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የአርጀንቲናው ግብ ጠባቂ ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ የፈረንሳይ መቺዎችን እንዴት እንዳወከ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በቀጣዩ ዓመት የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ኢፋብ ግብ ጠባቂ መቺውን አላግባብ እንዳይረብሽ፣ ምቱን እንዳያዘገይ፣ ቋሚውንና መረቡን እንዳይነካ በግልጽ ደነገገ። ተመልካቹም ቢሆን ወሰን አለው። በዚያው በ2022 ዳካር አጠገብ ሴኔጋልና ግብፅ ሲጫወቱ ከተመልካቹ መካከል በመሐመድ ሳላህ ፊት ላይ ሌዘር አበሩበት። ፊፋ ታዲያ የሴኔጋልን ፌዴሬሽን 175 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ቀጣው፤ አንድ ጨዋታም ያለ ተመልካች እንዲያካሂድ ወሰነበት። መዘመር ሌላ፣ የሰው ዓይን ላይ ጨረር መልቀቅ ሌላ ነው።

«ዳኛው በባለሜዳው ተመልካች ፊት ይህን ፊሽካ ቢነፋ ማን ያድነዋል?» የሚለው ሥጋት ግን እውነት አለው። የትምህርት ቤት ዳኛ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። መፍትሔው ግን ሕጉን መተው ሳይሆን ነገሩን ጨዋታው ሳይጀመር መጨረስ ነው። ዳኛው ሁለቱን አምበሎችና አሠልጣኞች ጠርቶ «ፍሪ ስሮው ላይ የደለቀ፣ ያጨበጨበ፣ የጮኸ ተጋጣሚ ካለና ኳሱ ካልገባ ውርወራው ይደገማል» ይበላቸው። ቀድሞ የተነገረ ሕግ ሲፈጸም አድልዎ አይመስልም። በሕግ አምላክ ሲባል ቆሞ የሚያዳምጥ ሕዝብ ይህን አይከለክልም።

ለአዘጋጆቹ የምጠይቀውም ከባድ ወጪ የለበትም። የፊባ ሕግ የተቀመጠ ሰውን ጨምሮ ማንኛውም መሰናክል ከሜዳው ቢያንስ 2 ሜትር እንዲርቅ ይላል። የሜዳውን መስመር የምናሰምርበት ኖራ ይህንንም ለማስመር ይበቃል። ከቦርዱ ኋላ አንድ መምህር ይቁም፤ ሕፃናቱን ከምሰሶው ያርቅ። ፊሽካ ይዞ የሚመጣ ተመልካች ካለም ፊሽካውን ይቀበሉት፤ ከዳኛው ፊሽካ ጋር ተደባልቆ ጨዋታውን ያበላሻል።

ሶዶ ዛሬ የክልል መቀመጫ ናት፤ ከዞን አልፎ ከየአካባቢው የሚመጡ ልጆችን ታስተናግዳለች። እንግዳ ሆና የመጣች ልጅ ሜዳችን ላይ ተሸንፋ ብትሄድ ክፋት የለውም፤ ተበድላ መሄዷ ግን ያሳፍረናል። የዞኑና የክልሉ ስፖርት ኃላፊዎች በሚቀጥለው የዳኞች ስልጠና ላይ አንቀጽ 43ን ከወረቀት አውጥተው ሜዳ ላይ በተግባር እንዲያሳዩልን እጠይቃለሁ። ዳኞቻችንም እስከዚያ አይጠብቁ፤ ሕጉ አሁንም በእጃቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስፖርት መምህር፣ ከወላይታ ሶዶ