ስደተኛ፣ ፍልሰተኛ፣ ተፈናቃይ፣ ተመላሽ

አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት ዘወትር የሚሳሳቱበትን አንድ ጉዳይ ዛሬ እናቀርባለን። እንግሊዝኛ «ሪፊውጂ» እና «ማይግራንት» ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ሰዎች አማርኛችን ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል «ስደተኛ» ይላቸዋል። በጨዋታ መካከል ጉዳት የለውም፤ በመዝገብ ላይ ግን የሰው ዕድል ይለወጥበታል።

ለምሳሌ በካርቱም፣ በጀብራ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ጎረቤቶችን እናስብ። አንደኛዋ እንጀራ ፍለጋ ከጎንደር የሄደች ኢትዮጵያዊት ስትሆን ፍልሰተኛ ትባላለች፤ ሁለቱ ሱዳናውያን ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ጦርነት ተነሣና ሦስቱም ሸሹ። ወደ ፖርት ሱዳን የሄደው ከአገሩ ስላልወጣ ተፈናቃይ ነው። በመተማ በኩል ድንበር የተሻገረው ሱዳናዊ ስደተኛ ነው። ከእርሱ ጋር በአንድ መኪና የመጣችው ኢትዮጵያዊት ግን ወደ አገርዋ ገብታለችና ተመላሽ ትባላለች።

መንገዱ አንድ፣ ፍርሃቱም አንድ ሲሆን ስማቸው ስለ ምን ተለያየ? ብትሉ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ ስደተኛን ሕይወቱ ወደሚያሰጋበት አገር አስገድዶ መመለስን ስለሚከለክል ነው። ለእንጀራ የወጣ ፍልሰተኛ በዚሁ ስምምነት ጥበቃ የለውም።

እንግዲህ ጸሐፊው ቃሉን ከማስፈሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ «አገርዎ የት ነው? ድንበር ተሻግረዋልን? ወደ አገርዎ ለመመለስ የሚያስፈራዎ ነገር አለን?» ቃሉ ለመዝገቡ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ግን በስሙ እንጥራው።