አዝማሪውን አልብሰን አራቆትነው

ላሊበላን ያየ ሁሉ ነአኩቶ ለአብን አያይም። ከከተማው ወደ አየር ማረፊያው በኩል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ በገደል ሥር፣ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተሰየመው በቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ በድንጋይ ገበታ ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው። በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን እዚያ ስደርስ አምስት ስፔናውያን ቀድመውኝ ነበር። ካህኑ መስቀሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ያሳያሉ፤ አስጎብኚው ያስረዳል። የመስቀሉን ሐረግ፣ የብራናውን ሥዕል፣ የንጉሡን ታሪክ፣ የጠበሉን ነገር አንዲት ሳያስቀር ተረጎመላቸው። ልጁ አገሩን ያውቃል፣ ተባረክ አልኩት በሆዴ።

ማታ እነዚያው ስፔናውያን፣ ያው አስጎብኚና እኔ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ጠጅ ቤት ተገናኘን። አዝማሪው ወጣ። አቤት አለባበስ! ባለ ጥለት ነጭ ተነፋነፍ፣ በትከሻው ላይ በወርቅ ቀለም ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ፣ በራሱ ላይ ጎፈር። ጎፈር ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የጀግና ጌጥ ነው፤ ድሮ አንበሳ ወይም ጠላት ያልጣለ ሰው አይደፋውም ነበር። ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ ከየት እንደመጡ ጠየቀ። «እስፓኝ» ተባለ። ካሜራዎቹ ተነሡ። እሱም ካባውን ነስነስ አድርጎ እንዲህ አለ፦

ከባሕር ማዶ ሰው መጥቶልኝ ሊሰማ፣
ላሊበላ አደርኩኝ ከነካባዬማ።

ከእንግዶቹ አንዷ ምን እንዳለ ጠየቀች። ያ ጠዋት የመስቀልን ሐረግ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የተረጎመ ልጅ «ላሊበላ በመምጣታችሁ ደስ ብሎታል» ብሎ አሳጠረው። ጭብጨባ ሆነ። ከቤቱ ሙሉ ሰው የሳቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ብርሌ የምታድለው ልጅና በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ። እነሱ ሰሙን ትተው ወርቁን ሰምተዋል። ሰውየው ያለው «ላልበላ አደርኩኝ» ነው፤ ይህን ሁሉ ካባ ለብሼ ጦሜን አደርኩ ነው የሚለው።

በኋላ ጠጋ ብዬ፣ ካባህ ያምራል አልኩት። «ጋሼ፣ ካባው የቤቱ ነው፤ ጎፈሩም የቤቱ ነው። የኔ ማሲንቆዬና ጉሮሮዬ ብቻ ናቸው» አለኝ። ደመወዝስ? ሳቀ። «ሽልማት አለ» አለ። ስፔናውያኑ የሰጡትን አይቻለሁ፤ ለአምስት ሰው አንድ ድፍን ብር ነበረች። የሰጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የሰሙት ነገር ስለሌለ ነው። ሰው ለማይገባው ነገር ስንት ይከፍላል?

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች ሌሊት ነው።

የሆሊውዱ ሱፐርማን

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ሎስ አንጀለስ ከተማ ሆሊውድ የሚባለው ጎዳና ላይ ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ስፓይደርማን የሚመስል ልብስ ለብሰው ከቱሪስት ጋር ፎቶ የሚነሡና በጉርሻ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው ክሪስቶፈር ዴኒስ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ቀዩን ካባ እያውለበለበ እዚያ ቆሟል፤ ዘጋቢ ፊልም ሳይቀር ተሠርቶበታል። ዓለምን በአንድ እጁ የሚያነሣውን ጀግና ሲመስል የኖረው ይህ ሰው ቤት አጥቶ በየጎዳናው ማደር ደርሶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሞቶ ተገኘ። ኒውዮርክም የእነዚህ መሰል ሰዎች ብዛት ቢያስቸግራት እ.ኤ.አ. በ2016 ታይምስ አደባባይ ላይ ቀለም ቀብታ «ከዚህ መስመር አትለፉ» አለቻቸው። ባለ ፊልሙ ኩባንያ በሱፐርማን ስም ገንዘቡን ያፍሳል፤ ሱፐርማንን በፀሐይና በላብ የሚሸከመው ሰውዬ ግን የኩባንያው ሠራተኛ አይደለም። ማንም አልቀጠረውምና ማንም አይጠየቅበትም።

በዚህ በኩል የእኛ አዝማሪና የሆሊውዱ ሰውዬ ወንድማማች ናቸው። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ፤ ልዩነቱም እኛን የሚያሳፍር ነው። ዴኒስ የለበሰው በወረቀት ላይ የተሣለ፣ የሌላ ሰው ፈጠራ የሆነ ጀግና ነው። አዝማሪው ግን የሚጫወተው የራሱን አባት ነው።

አዝማሪ ምን ይላል?

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስቱ እንደራሴ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። ባለ መድፉ፣ ባለ አውሮፕላኑና ባለ መርዝ ጋዙ ጣሊያን ባለ አንድ ክሩን ማሲንቆ ፈራ! ለምን ቢሉ፣ አዝማሪ በየገበያውና በየሠርጉ እየዞረ በሰም የሸፈነውን ወርቅ ስለሚያድል ነው። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤት በማይደፈርበት ዘመን ከሳሽ ነበር። የጥንት ነገሥታት የአገሩን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን ይላል? አዝማሪ ምን ይላል?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሲነገር ኖሯል።

እንግዲህ ጎፈሩ ለአዝማሪው ይገባዋል ማለት ነው። ነውሩ ጎፈሩን በኪራይ መድፋቱ ላይ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ስለዚህ የእርሳቸው ቅኔ ቅኔ ተባለ፣ ጨዋታቸውም ጨዋታ ተባለ። ያንኑ ቅኔ ድሀው አዝማሪ ሲለው ግን ልመና ይሆናል። ዛሬም ቢሆን ሰው ለሹመት ሲያጎበድድ ስናይ «አዝማሪ» ብለን እንሰድበዋለን። ቅጥረኛ አሞጋሹ ባለ ክራቫት ሆኖ ሳለ ስድቡን የሚሸከመው ባለ ማሲንቆው ነው። ይህ ፍርድ ነው?

«ባህላችንን አረከሱት» ለሚሉ

የሚከራከሩን አሉ። አንደኞቹ «እነዚህ ሰዎች ቱሪስት ያስቸግራሉ፤ የባህል ልብስ ለብሰው እጅ ሲዘረጉ አገር ያዋርዳሉ» ይላሉ። ለመሆኑ እጁን የዘረጋው ማን ነው? እንግዳው አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ለዓመታት 50 ዶላር ሲከፍል ኖሯል፤ የሚገባው ነውና ይክፈል። ለሆቴሉ ይከፍላል፣ ለመኪናው ይከፍላል፣ ለአስጎብኚው ይከፍላል። ለእነዚህ ሁሉ ተመን አላቸው። ተመን የሌለው ማታ ማታ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚያዜመው ሰው ብቻ ነው። ተመን የነፈግነውን ሰው ለማኝ ማለት እግሩን ሰብሮ አንካሳ ብሎ መሳደብ ነው።

ሁለተኞቹ «ሽልማት እኮ ወጉ ነው፤ አዝማሪ መች ደመወዝ ኖሮት ያውቃል?» ይላሉ። ይህ ክርክር እውነት ይመስላል፤ ግማሹ እውነት ነውና። አዎ፣ በግንባር ላይ ብር መለጠፍ ወግ ነው። የወጉ ሌላው ግማሽ ግን የት ሄደ? በወጉ አድማጩ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ያዞረዋል፣ ይመልስበታል። የተነካው ይሸልማል፤ የተነካካው ደግሞ በበለጠ ሸልሞ አፉን ያስይዘዋል። ሽልማቱ የዚያ ጨዋታ ዋጋ ነበር። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ፊት አዝማሪን አቁሞ፣ ተርጓሚው ወርቁን ውጦበት፣ «በወጉ ይሸልሙሃል» ማለት ግን መረቡን ቀምቶ ዓሣ አጥምድ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኞቹ የባህል ጉዳይ ሹማምንት ናቸው። ለገናና ለአሸንድዬ በዓል እንግዳ ሲመጣ አዝማሪው ከፊት ይሰለፋል፤ ፎቶው በፖስተር ላይ ይወጣል፤ «የማይዳሰስ ቅርሳችን» ይባላል። እሰይ! የሚዳሰሰው ቅርስማ ዕድለኛ ነው። ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ ዝናብ እንዳይበላው ከብረት የቆመ መጠለያ ተሠራለት፤ መጠለያው ጎዳው ወይስ ጠቀመው ተብሎ ሊቃውንት ከየአገሩ መጥተው ይከራከሩለታል። ደግ አደረጉ። የማይዳሰሰው ቅርስ ግን ሆድ አለው፣ ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት። ለእርሱ የቆመለት መጠለያ የቱ ነው?

መንገዱ ሲዘጋ

ያ የ2012 ገና ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላኑ ባዶውን ቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። እርሱ አለፈ ሲባል በ2015 ማብቂያ ሌላ ግጭት ክልሉን ሸፈነ፤ በ2016 ጥቅምት ማብቂያ ላሊበላ ራሷ የተኩስ ድምፅ ሰማች። ሆቴሉ ተዘጋ፣ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፍለጋ ተሰደደ፣ ጎፈሩ ሚስማር ላይ ተሰቀለ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋታችን ገሀድ የወጣው። ለፈረንጅ ካሜራ ብቻ የሚኖር ጥበብ ፈረንጁ የቀረ ዕለት ይሞታል። ጠጅ ቤቱ በላስታ ሰው፣ በወልድያ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ ገናን ሊያከብር በወጣ ቤተሰብ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ አዝማሪው በክፉ ቀንም አድማጭ አያጣም ነበር። እንዲያውም የሚነገረው የሚበዛው ያኔ ነው። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲዘጋ፣ እህል ሲወደድ የሚያለቅስለትና የሚወቅስለት እሱ ነበር። ነገር ግን አፉን የካሜራ ጌጥ አድርገንበት ስለነበር፣ የምንሰማው ባስፈለገን ቀን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካባ አገኘን።

ጣቱ ወደ ላስታ ብቻ አይቀሰር። እዚህ አዲስ አበባም የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ሲከስሙ አይተን ዝም ብለናል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በልማት ስም ሲነሣ ስሙ ባሕር የተሻገረው ፈንድቃም ከነበረበት ተነሣ። ያን ጊዜ ያዘንን ብዙዎች ነን። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ገብተን «ተቀበል!» ያልን ግን ስንቶቻችን ነን? በሠርጋችን ዲጄ እንቀጥራለን፤ አዝማሪውን ለቪዲዮው ድምቀት አምስት ደቂቃ እናስገባዋለን። ከስፔናውያኑ በምን ተሻልን? እነሱስ አማርኛ አያውቁም።

ምን ይደረግ?

ልቅሶ ብቻ እንዳይሆን የሚቻለውን ልናገር። የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ አዝማሪ አቁሞ ጠጅና እራት የሚሸጥ ቤት ለአስተናጋጁ እንደሚከፍል ሁሉ ለአዝማሪውም በውል የማታ ክፍያ ይቁረጥለት፤ ሽልማቱ ከዚያ በላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ልብሱ የራሱ ይሁን፤ የሚያከራየውን ጀግንነት ማንም ከልቡ አያዜመውም። ሦስተኛ፣ አስጎብኚ የሆነ ሁሉ የድንጋዩን ሐረግ እንደሚያጠና ሰምና ወርቁንም ያጥና። «ላልበላ አደርኩኝ» ያለውን «ደስ ብሎታል» ብሎ የሚተረጉም አስጎብኚ እንግዳውንም አዝማሪውንም ዘርፏቸዋል። እመኑኝ፣ ወርቁ የተነገረው ቱሪስት ብሩን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም፤ ሁለተኛ ስንኝ ይጠይቃል። አራተኛ፣ በበዓል ቀን አዝማሪን የሚያሰልፍ መሥሪያ ቤት ለድንኳኑና ለድምፅ ማጉያው የሚመድበውን ያህል ባይሆን እንኳ ለባለ ድምፁ ይመድብ።

አምስተኛው የእኔና የአንተ፣ የእኔና የአንቺ ድርሻ ነው፤ በመመሪያም አይመጣም። የአዝማሪ ጥበብ ግማሹ ማሲንቆው ላይ፣ ግማሹ አድማጩ አፍ ላይ ነው። የእኛን ግማሽ ይዘን ከቤቱ ከወጣን ቆይተናል። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት፣ ቀን ቀን ነአኩቶ ለአብ ወርደን ጠበሉን እንጠመቃለን፤ ማታ ደግሞ ከዚያ ጠጅ ቤት ጎራ እንበል። ካሜራውን ኪሳችን እንክተት። አዝማሪው ለወጉ ሲያሞግሰን በዝምታ አንለፈው። አንዳችን እንነሣና «ተቀበል!» እንበለው።

ምን እንደሚመልስልን እንስማ። ይቆጣን እንደሆነም ይቆጣን። የሚገባን ነው።