ከኮት ሥር የተሸሸገ ፍርሃት

በሐዋሳ ከተማሩ ወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ የሚነሣው ጥያቄ ተለውጧል፤ «ከኮት ሥር የማይታየው የትኛው ሽጉጥ ነው?» ሆኗል። ማካሮቭ በክብደቱ ይነቀፋል፤ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ በቱርክ ተሠርቶ በስውር እጅ ለእውነተኛ ጥይት የተለወጠው ትንሹ ሽጉጥ ግን ይወደሳል።

ለመሆኑ የምርጫው መለኪያ ስለምን መደበቅ ሆነ? የገጠሩ ሰው ጠመንጃውን በትከሻው ያነግታል፤ ጎረቤት አይቶ ይጠነቀቃል፣ ሽማግሌም አይቶ ይገሥጻል። የተሸሸገ ሽጉጥ ግን ሁሉም ሁሉን እንዲጠረጥር ያደርጋል።

በሰኔ 2010 በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን በከተማችን ደም ፈሷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ያን ጊዜ የጎደለን የግል ሽጉጥ ሳይሆን ሕግ አስከባሪ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ከልክሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መንግሥት መሣሪያ መግፈፉን እንጂ ዜጋውን መጠበቁን ከዘነጋ፣ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እኛስ? ስለ ሽጉጥ መጠን የምንከራከረውን ያህል ስለ ፖሊስ ተጠያቂነት ካልተከራከርን፣ ነገ የምንሸከመው ብረት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤታችንንም ደም ነው።