በመስቀል ምልክት የታደኑ ልጆች

በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት፣ ሕፃናትን ሲያስነውሩ የኖሩ አንዳንድ ካህናት ለመረጧቸው ልጆች የወርቅ መስቀል ከነሐብሉ ይሰጡ ነበር። እናት ይህን አይታ «አባታችን ልጄን ወደዱልኝ» ብላ ብታመሰግን ማን ይፈርድባታል? ለግብር አበሮቻቸው ግን ያ መስቀል ምልክት ነበር፤ ይህ ልጅ ለምዷል፣ አይጮኽም ማለት ነበር። ጉዱን ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2018 ይፋ የሆነው የግራንድ ጁሪ፣ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው መርማሪ ሸንጎ፣ ሪፖርት ነው። ስድስት ሀገረ ስብከቶች፣ ሰባ ዓመት፣ ከ300 በላይ ካህናት፣ ከ1,000 በላይ ሕፃናት። ሸንጎው እውነተኛው ቁጥር ብዙ ሺህ ሊደርስ እንደሚችልም ገልጿል። ለልጁ ማተብ የሚያስር ሕዝብ፣ መስቀልን በሕፃን አንገት ላይ የአዳኝ ምልክት ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ይህን ያደረጉትን አወግዛለሁ።

በዚያው ግዛት በኢሪ ሀገረ ስብከት የነበረ ሌላ ቄስ፣ በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋቱን ያመነ፣ የደፈረውን ልጅ ለኑዛዜ እፊቱ ያቀርበው ነበር። ልጁ የተፈጸመበትን ነገር ለፈጸመበት ሰው እንደ ራሱ ኃጢአት ይናዘዛል። ከዚህ የከፋ ነገር ማሰብ ይከብደኛል። በሥጋው ላይ የደረሰው እንዳለ ሆኖ፣ በዚያች ሰዓት ልጁ የተማረውን አስቡት፦ ኃጢአተኛው እኔ ነኝ፤ የሚፈታኝም እሱ ነው። በልጁና በፈጣሪው መካከል የቆመው ያው ሰው ነው። ታዲያ ለማን አቤት ይበል?

ለዚህ ነው ዝምታው የሚረዝመው። የአውስትራሊያ ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን በልጅነታቸው በየተቋሙ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች በግል ሲያነጋግር፣ የደረሰባቸውን ለሌላ ሰው ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት ገደማ እንደፈጀባቸው አረጋግጧል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየባነኑ፣ በመጠጥ ለመርሳት እየሞከሩ፣ በገዛ ገላቸው እያፈሩ ኖሩ። ራሳቸውን ያጠፉም አሉ፤ እነሱ ለምስክርነት አልደረሱም። በፔንስልቬንያ ከተናገሩት መካከል ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን እንደ ሰው አቅፈው ፍቅራቸውን መግለጽ ሳይችሉ አርጅተዋል። «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል ራሱ የደፈረውን ቄስ እንደሚያስታውሰው የመሰከረ ሰውም አለ።

በዚህ ላይ ቆም ልበል። በሌላ ሰው እጅ የተጎዳ አማኝ ቢያንስ የሚጸልይበት አለው፤ ገብቶ የሚያለቅስበት ደጅ አለው። እነዚህ ግን መሸሻቸውን ነው የተነጠቁት። የዕጣን ሽታ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ የወላጆቻቸውን ፍትሐት እንኳ ውጭ ቆመው የሚጨርሱ አሉ። ከዚያ ጎረቤት «እምነቱን ትቶ ጠፋ» ይላል። አልተወም፣ ዘረፉት እንጂ!

ጳጳሳቱንም አወግዛለሁ። በየሀገረ ስብከቱ ቁልፉ በጳጳሱ እጅ ብቻ የሚገኝ ምስጢራዊ መዝገብ ቤት ነበር፤ የሕፃናቱ አቤቱታ እዚያ ታጎረ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ባለሙያዎች ሰነዱን ሲመረምሩ ያገኙት የተደጋገመ ዘዴ ነው፦ መድፈርን «ያልተገባ ግንኙነት» ማለት፣ ቄሱን በሕመም ፈቃድ ስም ማሰናበት፣ ከዚያም ነገሩን ወደማያውቅ ደብር ማዛወር፣ ለፖሊስ አለመናገር። አንዲት ልጅን ደፍሮ፣ አስረግዞ፣ ጽንሱን እንድታስወርድ ላደረገ ቄስ ጳጳሱ የሐዘን ተካፋይነታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። የተጻፈው ለቄሱ ነው። ለልጅቱ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ገበና መሸፈን ነው ይሉ ይሆናል። የተሸፈነው ግን ደፋሪው ነው፤ ልጆቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል።

መደበቁ የታሰበለትን ሠርቷል። ሸንጎው ካገኛቸው ወንጀሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በይርጋ ታግደዋል፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ክስ የተመሠረተባቸው ካህናት ሁለት ብቻ ነበሩ። የፔንስልቬንያ ካቶሊክ ጉባኤ ጊዜው ላለፈባቸው ተጎጂዎች የፍርድ ቤትን በር የሚከፍተውን ሕግ ለዓመታት ተቃወመ። በመጨረሻ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝበ ውሳኔ ሊቀርብ ሲል፣ ምርጫን የሚመራው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት በሕግ የታዘዘውን ማስታወቂያ ሳያወጣ ቀረ፤ ሥራው ሁሉ እንደገና ከመነሻው መጀመር ግድ ሆነበት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥልጣን ለቀቁ። በዕድሜ የገፉት ተጎጂዎች ግን ያንን ጊዜ ከየት ያመጣሉ?

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ በዚህ መሐል «ይቅር በሉ» የሚለው ስብከት ነው። ከሕፃን አንደበት የማይገባውን ቃል መንጭቆ ማውጣትን ያ የኢሪ ቄስ በኑዛዜው ስፍራ አድርጎታል፤ አይደገም። መዝገብ ቤቱ ይከፈት፤ የአጥፊዎቹና የሸሸጓቸው አለቆች ስም በአደባባይ ይነበብ፤ የተጎጂዎቹን የሕክምና ወጪ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትሸፍን፤ የፍርድ ቤትን በር የሚከፍተውን ሕግ መቃወም ይተዉ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላም ተጎጂዎቹ ይቅር ሊሉ ይችላሉ፤ ላይሉም ይችላሉ። ያ የእነሱ ነው፤ ማንም ካህን አይጠይቃቸው።